«ናይሮቢ ብሄድ አይሻለኝም?»

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ናይሮቢ ብሄድ አይሻለኝም?» አለችኝ። እኔ ኢስሊ ሰፈር ሰባት ዓመት በስደት ስለኖርኩ አዋቂ አድርጋኝ ነው።

መቼም በቁጥር ከሄድን መልሱ ቀላል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የሰብአዊ ልማት ሰንጠረዥ ከ193 አገሮች ኬንያ 143ኛ፣ ኢትዮጵያ 180ኛ ናት። በገቢም በትምህርትም ጎረቤታችን ትበልጠናለች። እዚያው ላይ ግን አንድ ጉድ አለ፤ ኢትዮጵያዊው ከኬንያዊው ከሦስት ዓመት በላይ አብልጦ እንደሚኖር ይገመታል። በድህነታችን ላይ ዕድሜ ተመረቀልን ልበል?

ውድ አንባቢ፣ እኔ የማውቀው ሰንጠረዡን ሳይሆን ጄሪካኑን ነው። ኢስሊ ውሃ በጄሪካን ገዝተን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመን እንወጣ ነበር። የመብራቱ ሒሳብ ከአዲስ አበባው ጋር ሲተያይ እሳት ነው። በሌላ በኩል ጎረቤቴ የነበረችው ኬንያዊት ሻይ ሻጭ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ በ2003 ስለተነሣላት ሦስቱንም ልጆቿን ታስተምር ነበር። እኔ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ማታ ማታ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። 143ኛው ኑሮ የእሷ እንጂ የእኔ አልነበረም።

«ወረቀት ይዘሽ ነው ወይስ እንዲሁ?» አልኳት።

ዝም አለች።