ቡና ላይ የማይነሣው ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ተከተለ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሴቶች ያን ሰሞን አብረው ጾሙ፤ አንዷ ከሥጋና ከወተት፣ ሌላዋ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከእህልም ከውኃም። ከክርስቲያኗ ቤት ለማፍጠሪያ የምስር ሳንቡሳ ይወጣል፤ ከሙስሊሟ ቤት ሥጋ ባልነካው ድስት የተሠራ ሽሮ ይመጣል። ለወሎ ሰው ይህ ዜና አይደለም።

ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም። ስለዚህ ክርስቲያን ቤት ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዶች የሚታረደውን በግ የሚባርክ ሙስሊም አራጅ ይጠራል። ድስቱ፣ ቢላው፣ ጭልፋው ሳይቀር ይለያል፤ ወጡን የምትሠራውም ከሙስሊም ጎረቤቶች አንዷ ትሆናለች። በሙስሊሙ ድግስም እንዲሁ ነው። ይህን የሚያስቡትና የሚቆጣጠሩት ሴቶች ናቸው። አንድ ጭልፋ ካንዱ ድስት ወደ ሌላው ከገባ እንግዳው ተደፈረ ማለት ነውና ዓይናቸውን አይነቅሉም። የሃይማኖት ተቋማት በየስብሰባው ስለ መከባበር ብዙ ይላሉ፤ እኔ ግን እዚያ ጓዳ ውስጥ እንደሚታየው ያለ የተሟላ መከባበር ሌላ ቦታ አላየሁም። የጎረቤትን እምነት ልክ እንደ ራስ መጠበቅ ነው። ሐዘን ሲደርስም በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ ተጠርተው፣ እኩል ውኃ ቀድተውና እንጀራ ጋግረው አብረው ያስተዛዝናሉ።

እምነቱ ራሱ ግን አይነሣም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ስለ ልጅ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ባል ጠባይ ይወራል። አንዷ ኢየሱስን ለምን ጌታ እንደምትል፣ ሌላዋ ለምን ዒሳን ነቢይ ብላ እንደምታቆም አይጠያየቁም። ይህ ዝምታ ምክንያት አለው። ከደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በተደረገው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ቀድሞ ሰብኮ የማሳመን ጉዳይ የነበረው ነገር በአዋጅ ተተካ። በዚያ ላይ የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ካደረጉት ታላቅ ሰልፍ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም ወጥተው ነበር። ይህን ሁሉ የሰማችና ያየች አያት ልጇን ስለ ሃይማኖት አትናገሪ ብትላት ምን ይደንቃል?

ሆኖም በዚህች አገር ንግግሩ ከዚያም በፊት ነበረ። ከመካ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች መካከል ኡሙ ሐቢባና ኡሙ ሰለማ ነበሩበት። በእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ትረካ የኡሙ ሐቢባ ባል እዚሁ ክርስትናን ተቀብሎ እዚሁ ሞተ፤ እሷ በእስልምናዋ ጸናች። ሁለቱም በኋላ የነቢዩ ሙሐመድ ሚስቶች ሆኑ፤ በሐበሻ ያዩትን፣ ሥዕል ያለበትን ቤተ ክርስቲያንም አንሥተው ለነቢዩ እንዳወሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩ በመቃብር ላይ ቤተ አምልኮ መሥራትንና ሥዕሉን ነቀፉ። ሴቶቹ ያዩትን ተናገሩ፤ ልዩነቱም በግልጽ ተባለ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወንጌል እንዲነገርም እፈልጋለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የፈለጉትን እምነት የመያዝም የማስተማርም መብት ሰጥቷል፤ ሙስሊሟም ወደ እምነቷ የመጥራት መብት አላት። የሚያስጨንቀኝ ወዳጅነት መንጠቆ ሲሆን ነው። በአንዳንድ የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ሙስሊም ጎረቤትን መቅረብ እንደ ሥራ ይሰጣል፤ ስንት ሰው እንደተደረሰ ይጠየቃል። ጎረቤት ሴት ይህን ትነቃለች። የታመመ ልጇን ለመጠየቅ የመጣችው ለልጁ ይሁን ለሪፖርት መለየት አይከብዳትም። ከነቃችም ዘይት ልትበደር እንኳ አትመጣም። በልጅ ሕመም ጊዜ አብራ የነቃችና እምነቷን ሳትደብቅ የምትኖር፣ ሲጠይቋት የምትመልስ፣ ጎረቤቷ ስለ ቁርኣን ስትነግራትም ሳታቋርጥ የምትሰማ ሴት ግን ምንም ዕቅድ ሳያስፈልጋት መስክራለች። ቡናው ላይ መርየም ብትነሣ ሁለቱም የሚሉት አላቸው፤ በቁርኣን በስሟ የተጠራ ምዕራፍ አለ፤ ክርስቲያኗም በምጥ ጊዜ የምትጠራው እሷን ነው።

መደበቅ ግን ሌላ ዋጋ አለው። ወደ ሳዑዲ የሄዱ ብዙ ክርስቲያን እኅቶች በፓስፖርታቸው ላይ የሙስሊም ስም አውጥተው፣ ሒጃብ ለብሰው ነበር የሄዱት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ሲመለስ እነሱም ከእነ ስማቸው ተመለሱ። እናቷ ካወጣችላት ስም ውጭ ዓመታት የኖረች ሴት በእምነቷ ማንም ሊያስገድዳት እንደማይገባ ከማንም በላይ ታውቃለች።

በ2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ደም ሲፈስ፣ ለማረጋጋት የተጠሩት በአብዛኛው ወንድ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ጭልፋውን የለዩት እጆች እዚያ ሸንጎ ላይ ሊቀመጡ ይገባ ነበር።

ሃይማኖቷን የለወጠች ሴት የሚደርስባት ከባድ ነው፤ ከየትኛውም ወደየትኛውም ብትለውጥ። ባሏ ሊፈታት፣ ልጆቿን ልትነጠቅ፣ አባቷ ደጁን ሊዘጋባት ይችላል። ስትሞት የት ትቀበራለች የሚለውም ጥያቄ ነው፤ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ በመቃብር ቦታ ተጨቃጭቋል። ስለዚህ ወደ ጎረቤት ሴት ላኪ ነን የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት ከቁጥሩ በፊት ይህን ይመልሱ፦ ያቺ ሴት በዚያች ሌሊት የት ታድራለች? ልጆቿንስ ማን ይዞ ይሟገትላታል? በቅሬው ላይ ማን ስለ እሷ ይቆማል? አልመልስም የሚል ካለ ጎረቤቷን በቡናዋ ላይ ይተዋት።