ለበጋ የሚቆጠብ ሣር

ዋግ ኽምራ ላይ ጠንከር ያለ ዝናብ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደግ ዓመት ከሆነ ሰኔ ላይ ጀምሮ መስከረምን ይነካል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ግን ሐምሌ እስኪጋመስ ደጅ ያስጠናና ፍልሰታ ሲፈታ ይቆማል። ሣር የሚያድገው በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ከብቱና በጉ፣ ፍየሉና አህያው ግን አሥራ ሦስቱንም ወር ይበላሉ።

ሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ተከዜ ሲወረድ ዝቋላ፣ ሰሃላና አበርገሌ አሉ፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ ዝናቡም ይሳሳል። ጋዝጊብላና ደሃና ደግሞ ወደ ደጋው ያደላሉ። በቆላው ፍየል ይበዛል፤ የአበርገሌ ፍየል በዘር ስሙ የሚታወቀው ከዚሁ አካባቢ ተነሥቶ ነው። ፍየል ቅጠል ቀንጥባ፣ ግራር ላይ ተንጠላጥላ በጋውን ትወጣዋለች። ሣር ከሌለ የሚወድቀው በሬው ነው፤ ከእርሱም ጋር የሚቀጥለው ዓመት እርሻ።

የቆላና የወይና ደጋ ሣር በፍጥነት ያድጋል፣ በፍጥነትም ያረጃል። በሐምሌ መጨረሻ ለምለም ቅጠል ሳለ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ አሥር እጅና ከዚያም በላይ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ ራስ ያወጣል። ያን ጊዜ ተክሉ ያካበተውን ወደ ዘሩና ወደ ሥሩ ይልካል፣ አገዳው እንጨት እንጨት ይላል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። ሳይታጨድ ማሳ ላይ ቆሞ የደረቀ ሣር ሚያዝያ ሲደርስ ፕሮቲኑ ከመቶ ሦስትና አራት እጅ ሊወርድ ይችላል። የሚያመነዥክ እንስሳ ደግሞ ሣሩን የሚፈጨው ጨጓራው ውስጥ በሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በመኖው ውስጥ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። የበላው ሳይፈጭ ሆድ ውስጥ ይከርማል፣ እንስሳውም መብላት ያቆማል። በግንቦት ሆዳቸው ተነፍቶ ጎድናቸው የሚቆጠር በሬዎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህም የሚሆነው ሰኔ ላይ ቀንበር ሊጫንባቸው አንድ ወር ሲቀር ነው።

ስለዚህ ሣሩ ጉልበቱ ሳይወጣ መያዝ አለበት። ለዚህ ደግሞ በመጀመሪያ ከከብት አፍ መዳን አለበት።

ዋግ ውስጥ ብዙ ተራራና ገደላገደል በግብርና ባለሙያዎች አነጋገር «ከንክኪ ነፃ» ተብሏል። ገበሬው ክልክል ይለዋል። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በበጋ ወራት እርከን ሲሠራ፣ ክትር ሲገደብ፣ በተፋሰስ ሥራው ውስጥ የገባው ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ይታገዳል። ቀበሌው ወይም መንደሩ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ ጠባቂ ይቆማል፣ ከብቱ የተገኘበት ሰው ይቀጣል። በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ዓለቱ ብቻ ይታይ የነበረ ቁልቁለት ሰንበሌጥ ያበቅላል፣ ሥር ሥሩን ሰርዶ ይመለሳል። ሥራ ያጡ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ቀፎ የሚሰቅሉበት ክልክልም አለ፤ የዋግ ማር ስሙ የወጣ ነውና አበባ ካለ ገበያ አይታጣም።

ሣሩ ሲደርስ ይታጨዳል እንጂ አይጋጥም። አባወራው ድርሻውን በዕጣ ይወስዳል። እዚህ ላይ የጥቅም ግጭት አለ፦ ብዙ ከብት ያለው ሰው ድሮ በልቅ ግጦሽ ጊዜ በመንጋው ልክ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ከብት የሌላት ባልቴት ከእርሱ እኩል ዕጣ ታወጣለች፣ ድርሻዋንም ትሸጣለች። ክልክል ውስጥ በሌሊት ከብት የሚያስገባ ሰው ሁልጊዜ የቸገረው ድሃ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በእኔ ግምት ብዙ ክልክል የሚፈርሰውም በዚሁ ነው፤ ሣሩ በቅሎ እያለ ማን ይጨደው የሚለው ሳይለይ ይቀርና፣ አንድ ቀን ሁሉም ከብቱን ይለቃል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ከውጭ የመጣ እንዳልሆነ ለማየት ወደ መንዝ መሄድ ይበቃል። የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። በአለቆቹ መሪነት ሜዳው ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያነሣ ሥርዓቱም ተናጋ፤ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። የዋግ ክልክል ከዚህ ጋር ሲተያይ ሕፃን ነው፤ ገና በየዓመቱ ደንቡን ይፈትናል።

አሁን ወደ ማጭዱ። ባለሙያዎች ሣሩ ግማሽ ያህሉ አበባ ሲያወጣ ይታጨድ ይላሉ፤ በዋግ ይህ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ገበሬው ግን ብዙ ጊዜ ጥቅምትን ይጠብቃል፣ ምክንያትም አለው። መስከረም ላይ የጤፍና የማሽላ አረም አላለቀም። ደግሞም አንድ የመስከረም ዶፍ የታጨደውን ሣር አጥቁሮ ያሻግተዋል። ጥቅምት ላይ ሣሩ ረጅም ነው፣ ክምሩም ትልቅ ይታያል። ትልቁ ክምር ግን አብዛኛው አገዳ ነው። አዋጩ መንገድ መሐሉ ይመስለኛል፦ መስቀል ከመዋሉ ጥቂት ቀደም ብሎ መጀመርና ሁሉንም በአንድ ቀን ሳይጥሉ፣ ወንፈል ጠርቶ በሁለት ቀን ፀሐይ ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ብቻ እየቆረጡ መሄድ። ሰማዩ ከከፋ የሚበላሸው የዚያን ቀኑ ብቻ ነው።

ማጭዱ አፈር አይላስ። አራት ጣት ያህል ጉንዱ መቅረት አለበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ አፈርና ድንጋይም ከድርቆሹ ጋር አይቀላቀልም። የታጨደው በቀጭኑ ተበትኖ በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይገለበጣል። መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጭብጥ አንሥቶ ገመድ እንደሚገምዱ ማጠማዘዝ ነው። አንጓው ላይ ርጥበት ካወጣ አልደረቀም፤ ብትንትኑ ከወጣም ከሚገባው በላይ ደርቆ ቅጠሉን አራግፏል። ሳይሰበር ተጠማዝዞ ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚፈታው፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብለው፣ ሽታው ደስ የሚለው ሣር ለክምር ደርሷል። ርጥቡ ከተከመረ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል፤ አንዳንዴም በራሱ ይነዳል።

ክምሩ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። ድንጋይ ይደረደራል፣ በላዩ እንጨት ይረበረባል፣ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። አናቱ ሾጠጥ ብሎ በሰንበሌጥ ይከደናል።

ምን ያህል ይበቃል? የእንስሳት ባለሙያዎች ለስሌት የሚጠቀሙበት 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ከሩብ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው 240 ቀን ነው፤ ሲባዛ 15 ኩንታል ይመጣል። ለአንድ ከብት ብቻ! ጥማድ በሬና አንዲት ላም ያለው ሰው 45 ኩንታል ድርቆሽ ከክልክል ዕጣው አያገኝም፤ የጤፍና የገብስ ገለባ፣ የማሽላ አገዳ ይጨምርበታል። ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ብልሃት ድርቆሹን መከፋፈል ነው። ገና ጥቅምትና ኅዳር ላይ የማሳ ቃርሚያ ስላለ ድርቆሽ አይነካም። ጥር የካቲት ገለባና አገዳ ይሄዳል። ጥሩው ድርቆሽ ለሚያዝያና ለግንቦት፣ ለበሬውና ለምታጠባ ላም ይቀመጣል።

የገለባውንም ነገር ማሻሻል ይቻላል። 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጦ 100 ኪሎ ገለባ ላይ እኩል እየረጩ፣ እየረገጡ፣ አየር እንዳያስገባ ሸፍኖ 21 ቀን ማቆየት ነው። ሲከፈት ሽታው እስኪወጣ አናፍሶ መስጠት ያስፈልጋል። ዩሪያውን በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ግን እንስሳውን ይገድላል። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ግን 100 ሊትር ውሃ አምስት ጀሪካን ነው። ውሃ ከሩቅ በአህያ በሚመጣበት አካባቢ ይህን በመጋቢት አድርጉ ማለት ቀልድ ነው። ከተሠራም ውቂያ እንዳለቀ፣ ምንጮቹ ሳይነጥፉ ነው።

የተሻሻሉ ስለሚባሉት ሣሮች ብዙ ተስፋ ይነገራል። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እንዲህ ላለው ዝናብ አጠር መሬት የሚስማማ ሰብልና መኖ ለመፈለግ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ የመጣው ደሾ ሣር በእርከን ጫፍ ላይ ሲተከል አፈር ይይዛል፣ ይታጨዳልም። ዝሆኔ ሣር ግን ውሃ ይወዳል፤ ጓሮ ውስጥ የእጣቢ ውሃ ካላገኘ ወይም መስኖ ዳር ካልሆነ በዋግ አያዋጣም። ለቆላው የሚቀርበው ባፈል ሣር ነው። አፍሪካዊ ነው፣ አገራችንም ከትውልድ ቦታዎቹ አንዷ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግመል ነጂዎች ኮርቻቸውን ሞልተውበት አውስትራሊያ እንዳስገቡት ይነገራል፤ ዛሬ እዚያ ሰፊ የከብት መስክ ይሸፍናል። በአሜሪካ በረሃ ደግሞ እሳት እያዛመተ አስቸግሯልና እንደ አረም ያሳድዱታል። አዲስ አበባ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በተመሠረተው ማዕከል እግር የተተካው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዚህን ሣር የተለያዩ ዝርያዎች በዘር ባንኩ ይዟል።

ባፈል ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ድርቅ ይችላል፤ ከአንድ ዝናብ በኋላ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ዘሩ ግን ጠጉራምና ቀላል ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ ከጥልቅ አፈር ሥርም አይወጣም። አፈሩን ጫር አድርጎ ዘርቶ በቅርንጫፍ መጎተት ይበቃል። የዚያው ዓመት ዘር ደግሞ ቢዘራ አብዛኛው ስለማይበቅል ዓመት ያህል ማሳደር ይሻላል። የመጀመሪያውን ክረምት እስኪሠርጽ ድረስ ምንም ከብት አይርገጠው። ዘር ታድሎ በኅዳር መንጋ ከተለቀቀበት የዘሩም የጉልበቱም ዋጋ ከንቱ ነው። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ ደንቡ ከዘሩ ይቅደም እላለሁ፤ ክልክሉ ካልጸና ባፈል ከሰንበሌጥ አይሻልም።

ዝናቡ ጨርሶ ከቀረስ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ከብት አለቀ፣ ሰውም ተሰደደ። ያለ ዝናብ ክልክል ሣር አይሰጥም። ይህን ሊያሻግሩ የሚችሉ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ መንጋን በጊዜ መቀነስ ነው፦ የአበርገሌ ፍየል ሙክት በመስከረምና በጥቅምት ሥጋ እንደያዘ ቢሸጥ፣ በሚያዝያ አጥንቱ ወጥቶ ከሚሸጠው የተሻለ ያወጣል፣ የቀሪዎቹንም መኖ ያተርፋል። ሌላው ከደጉ ዓመት የተረፈ ክምር ነው። በደንብ የደረቀና በደንብ የተከደነ ድርቆሽ፣ ምስጥና ውሃ ካልነካው፣ ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲከፈትም አናቱ አይነካም፤ ከነፋስ በኩል ያልሆነው ጎኑ ተመርጦ ከላይ እስከ ታች እንደ ግድግዳ እየተቆረጠ ይወሰዳል፣ ክዳኑም ለቀረው ይተርፋል።