ከፊትህ ብላ



አዲስ ዓለም ላይ ሕፃናትን ቁርኣን የምታስቀራ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ልጆቹን ‹በረካ የሚወርደው ምግቡ መሃል ላይ ነው፣ ከዳር ብሉ› እያልኩ አስተምራለሁ። አንዱ ልጅ ግን ‹እኛ ቤት ወጡ የሚፈሰው እንጀራው መሃል ነው፤ ታዲያ ደረቁን ልንበላ ነው?› አለኝ። ምን ልበለው?»

በመጀመሪያ ልጁን አመስግኚው። የሰማውን ሐዲስ ቤቱ ካለው ትሪ ጋር ያስተያየ ልጅ ነው።

ሐዲሱ ኢብኑ ዐባስ ያስተላለፉት፣ ቲርሚዚም የዘገቡት ነው። ከዳር ብሉ ይላል እንጂ ወጡን አትንኩ አይልም። እናቶቻችን ወጡን መሃል ካፈሰሱ በኋላ በጭልፋ ወደ እያንዳንዱ ሰው ፊት ያወጣሉ። እንጀራው ከዳር እየተቆረሰ፣ ወጡም ወደ ዳር እየተሳበ፣ ማዕዱ ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። የሱናው አበላል ከዚህ አይርቅም። የሚከለከለው ገና ቢስሚላህ ሳይደርቅ እጅን መሃል ሰዶ ሥጋውንና እንቁላሉን መሻማት ነው።

ለልጆቹ የዑመር ኢብን አቢ ሰለማን ታሪክ ንገሪያቸው። እሱም ያን ጊዜ ልጅ ነበር። እጁ በሳህኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዩት። አልጮኹበትም፣ ከማዕዱም አላስነሱትም። የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱም እንዲበላ ነገሩት። ቡኻሪና ሙስሊም ሁለቱም ዘግበውታል። ዑመር ካደገ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ አበላሌ በዚያው ጸና ብሎ መስክሯል።

ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው? እናቱ ኡሙ ሰለማ፣ አባቱ አቡ ሰለማ፣ ከመካ ተሰደው ነጃሺ አገር የተጠለሉ ናቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዑመር ራሱ የተወለደው ሐበሻ ምድር ነው ይላሉ። አባቱ በኡሑድ ዘመቻ በቆሰለው ቁስል ከሞተ በኋላ ነቢያችን እናቱን አገቧት፤ እሱም በእሳቸው ቤት አደገ። የአበላል አደባችን ዋናው ሐዲስ የተነገረው ለአንድ የቲም ልጅ ነው። ልጆችን በማዕድ ላይ የምንቆጣ ሁሉ ይህን ልብ ብንለው እወዳለሁ።

«በያይነቱ ቀርቦስ ከፊቴ ብቻ ልብላ?» የሚልም አይጠፋም። አነስ (ረ.ዐ) ነቢያችን ከሳህኑ ዙሪያ ዱባውን እየፈለጉ ሲበሉ ማየታቸውን ተናግረዋል። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው፣ ምግቡ የተለያየ ከሆነና አብሮ በላተኛው ካልከፋው እጅን ወደ ሌላው መዘርጋት ይቻላል ብለዋል። ምግቡ አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ከፊት ነው።

የምንኖርባት አዲስ ዓለም ዐፄ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ያሰቧት፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያኗ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሙስሊሞች ቁጥራችን ብዙ ስላልሆነ የጎረቤት ሠርግም ለቅሶም ላይ በአንድ ዳስ እንቀመጣለን። አንዳንዱ ደጋሽ ለእኛ ብሎ በግ አቁሞ ሙስሊም ጎረቤቱን አስጠርቶ ያሳርዳል፤ አላህ በመልካም ይመንዳው። ያልተመቸው ደግሞ ሽሮና ምስር ያቀርባል። እዚህ ላይ ፊቱን የሚያጨማድድ፣ «ይኼ ብቻ ነው?» የሚል ወንድም ሳይ አዝናለሁ። አቡ ሁረይራ እንዳወሩት ነቢያችን ለምግብ ነውር አውጥተው አያውቁም፤ ካሰኛቸው ይበላሉ፣ ካላሰኛቸው ይተዋሉ። ዝም ብሎ መተውም አደብ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ። ሶሐቦች «እንበላለን፣ ግን አንጠግብም» ብለው ነቢያችን ዘንድ ቀረቡ። ምናልባት ለየብቻ እየበላችሁ ይሆናል፤ ተሰብሰቡና የአላህን ስም ጥሩበት፣ ይባረክላችኋል ተባሉ። አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡትን ይህን ሐዲስ ያስተላለፈው ማን መሰላችሁ? ሐበሻዊው ወሕሺይ ኢብን ሐርብ ነው። በኡሑድ የነቢዩን አጎት ሐምዛን የገደለ፣ በኋላ የሰለመ ሰው። ዛሬ ግን በየቤታችን አባት ሱቁ ውስጥ፣ ልጅ ስልኩ ላይ፣ እናት ሁሉንም አብልታ ማጀት ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ምሳው ባይሆን እራቱ እንኳ በአንድ ትሪ ይሁን። እናትም ትቀመጥ።

ቢስሚላህ ረስቶ የጀመረ ሰው ባስታወሰ ጊዜ «ቢስሚላሂ አወለሁ ወኣኺረሁ» ይበል። ሲጨርስ አልሐምዱ ሊላህ ይበል፤ ያለ እኔ ብልሃትና ጉልበት ያበላኝ አላህ ምስጋና ይገባው የሚለውን ረዘም ያለ ዱዓ የቻለ ይጨምርበት። ወተት የጠጣ ደግሞ «ባርክልን፣ ከእሱም ጨምርልን» ይላል። ለሌላው ምግብ የሚባለው «ከእሱ የተሻለውን አብላን» ነው፤ ለወተት ግን ከራሱ ከወተቱ ይጨመርልን ተብሎ ይለመናል።

ስለ መጠጥ አጭር ልበል። በሦስት ትንፋሽ ጠጡ፤ ስትተነፍሱም ዕቃውን ከአፋችሁ አርቁ። ከእኛ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚታሸገውን አምቦ ውሃ በአንድ ትንፋሽ የጨለጠ ሰው ጋዙ በአፍንጫው ሲመለስበት ምክንያቱ ይገባዋል። ከአቁማዳ አፍ በቀጥታ መጠጣትም ተከልክሏል፤ አንድ ጠርሙስ ለሦስት እየተቀባበላችሁ የምትጠጡ ወጣቶች በብርጭቆ ቅዱ።

ቡና ላይ «ለትልቅ ነው ወይስ ከቀኝ?» ለሚለው፣ መጀመሪያ ለታላቁ ስጡ፣ ከዚያ በእሱ ቀኝ እየዞራችሁ ሂዱ። ነቢያችን ራሳቸው ወተት ከጠጡ በኋላ አቡበክር በግራቸው እያሉ፣ ወተቱን በቀኛቸው ለተቀመጠው የገጠር ሰው አቀብለዋል። የምትቀዳዋ እህት መጨረሻ ትጠጣለች፤ ይህም ሐዲስ አለው። ስለዚህ ለእሷ የሚሆን ከጀበናው መቅረቱን የምናየው እኛ ነን።