የጊፋታ ማሰሮ በኢፍጣር ማዕድ

ረመዳን ሲገባ በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈለገው ዕቃ የሾርባ ድስት ነው። እኛ ቤት ይህ ድስት ሸክላ ነው። የተገዛውም በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከበዴሳ፣ በገበያ ቀን መሬት ላይ ተደርድሮ ከሚሸጠው ነው። (ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥም በዴሳ የምትባል ከተማ አለች። ሩቅ ያለ ዘመድ በደወለ ቁጥር “የትኛዋ?” ይለናል። የእኛዋ የወላይታዋ ናት።) ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ድስት ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከመስከረም ነው።

በመስከረም ወላይታ ጊፋታን ያከብራል። ጊፋታ የዘመን መለወጫ ሲሆን፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚገኘው እሑድ ይውላል። ቀኑን የሚቆርጡት የጨረቃን መሙላትና መጉደል የሚከታተሉ ሽማግሌዎች ናቸው። የረመዳንን ጨረቃ ፍለጋ ደጅ ወጥተን ሰማይ ለምናይ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ወንዶቹ ለሠንጋ፣ ሴቶቹ ለቅቤ ወራት ሙሉ ያጠራቅማሉ። የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበትም ይከፍላል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነውና።

ቀኑ ሲደርስ መንገዱ የመኪና መሆኑ ይቀራል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ይለበሳል። ወጣቶች “ሀያያ ሌኬ” እያሉ ከሰፈር ሰፈር ይዞራሉ፣ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ከእንሰት የሚሠሩት ሙቹዋና ባጭራ በቅቤ ርሰው ይቀርባሉ። ዳጣው፣ ያ ሚጥሚጣውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደቁሰው የሚያዘጋጁት፣ አፍንጫ ያስነጥሳል። እኛም የአገሩ ልጆች ነንና እንወጣለን። ሥጋ የምንበላው ከራሳችን እርድ ነው። ጎረቤቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ለእኛ ከእንሰቱና ከቅቤው ለይተው ያቀርባሉ። በዚህ ቅር የሚለው ሰው አይተን አናውቅም።

ባለፈው መስከረም መንገድ ዳር ከተዘረጋ የዕደ ጥበብ ማሳያ ፊት ቆመን ነበር። ጀበናው፣ ማሰሮው፣ እንስራው፣ ምጣዱ በአበባ ተከቦ ተደርድሯል። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው “ይህ የአባቶቻችን ጥበብ ነው” ሲል ሰማን። እውነቱን ለመናገር አባቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ አይተን አናውቅም፤ በእኛ አገር ሸክላ የሴቶች ሥራ ነው። ሠሪዎቹም እዚያው ነበሩ፤ አንዲት አሮጊት ከልጃቸው ጋር ከጠረጴዛው ጀርባ ቆመዋል። ሰው ከማሰሮው ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ያነሳዋል፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እንግዳው ሁሉ በክብ በክብ ተቀመጠ። ለእናትና ልጅም ምግብ ተሰጣቸው፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ለብቻቸው በሉት። ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም ጠጋ በሉም አላላቸውም። ሙቹዋው የቀረበበት የሸክላ ሳህን ግን የእጃቸው ሥራ ነበር።

እኛም ሌላውን ለመውቀስ አፋችንን የምንከፍት አይደለንም። ልጆች ሳለን ወደ ቤታችን ሸክላ ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ጎረቤት ለሆኑት እናቶች ሁሉ “እርስዎ” እንድንል ስንቆነጠጥ ላደግነው ለእኛ፣ እሳቸውን “አንቺ” ማለታችን ለማንም አልታየውም። አያታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ ለማኝ ባዶ እጁን የማይመልሱ ሴት ነበሩ። ለእኚህ ሸክላ ሠሪ ግን ቡናውን የሚያቀርቡላቸው ከደጅ፣ ለብቻ በተቀመጠ ስኒ ነበር፤ ምግቡን ደግሞ በእንሰት ቅጠል። ቅጠሉ ኋላ ይጣላል፣ ስኒው ቤት አይገባም። ጎረቤት ከእኛ ጋር ሥጋ የማይጋራው በሃይማኖት ምክንያት ነው፣ በዚያም ተከባብረን ኖረናል። የቅጠሉ ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ስሙ ንቀት ነው።

በወላይታም ሆነ በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን አብረውት የማይበሉት፣ የማይጋቡት፣ መሬትም እንደ ልብ የማያገኝ ሰው ሆኖ ኖሯል። ይጠሩበት የነበረውን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ ስድብ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏልና። በ1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አንዳንዶቹን ባለመሬት አድርጓል። ማዕድ የሚያጋራ አዋጅ ግን የለም።

ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ጭቃው ከሩቅ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል። ይወቀጣል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ በውሃ ይቦካል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ ሴትየዋ ራሳቸው እየዞሩ በእጃቸው ያንጹታል። ፀሐይ እንዳያሰነጥቀው በጥላ ይደርቃል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በሣርና በጭራሮ ክምር ውስጥ ይቃጠላል። ያን ዕለት ድንገት ዝናብ ቢጥል የሳምንታት ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። የተረፈው ገበያ ሲወጣ ደግሞ ገዢው መታ መታ አድርጎ “ተሰንጥቋል” ይልና ዋጋ ይቀንሳል። አሁን አሁን በእንስራው ቦታ ጄሪካን፣ በድስቱ ቦታ አሉሚኒየም ገብቷል። በቀድሞው ክብር ማጣት ላይ የገበያ ማጣት ተጨምሮበታል፤ ልጆቻቸው ሙያውን ባይወርሱ አይደንቅም።

ሁሉም የእጅ ሥራ እንዲህ የተናቀ አይደለም። ሐረር ሄዶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ይመሰክራል። ከዒድ በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲፈጸም ከተማዋ የሹዋሊድን በዓል ታከብራለች፤ ከበሮው፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው፣ ዚክሩ፣ በባህል ልብስ ያሸበረቁ ወጣቶች ሌሊቱን ይዘልቃሉ። በኅዳር 2016 ዓ.ም ዩኔስኮ በዓሉን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። በሐረሪ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት አይታችሁ ይሆናል። ያንን የሰፉት የቤቱ እመቤቶች ናቸው፤ እናት ለልጇ ታስተምራለች፣ ሙሽራዋም በሙያዋ ትመሰገናለች። ስፌትም የእጅ ሥራ ነው፣ ሸክላም የእጅ ሥራ ነው። አንዱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከነሠሪዋ ሲከበር፣ ሌላው ምድጃ ላይ ተጥዶ ሠሪዋ ደጅ የቀረችው በሥራው ባሕርይ አይደለም። ሠሪዋ ማን ናት ብለን ስለምንጠይቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሌላው ይልቅ ለእኛ ከባድ መሆን ነበረበት። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸው፣ ከእጃቸው ሥራ የሚበሉ እንደነበሩ፣ ነቢዩ ዘከሪያም (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ ከልጅነታችን ተምረናል። በሱረቱ አር-ረሕማን ሰው እንደ ሸክላ ካለ ደረቅ ጭቃ መፈጠሩንም ቀርተናል። ይህንን እየቀራን አድገን ስኒውን ከደጅ ያስቀመጥነው እኛው ነን።

ከበዓሉ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ ብዙ ተነጋገርን። እናታችን መጀመሪያ አልወደዱትም፤ “የሞተን ሰው አትውቀሱ” አሉን፤ አያታችንን ማለታቸው ነው። ቀጥለው ዝም አሉ። በዚህ ረመዳን መጀመሪያ ሳምንት የድሮው ድስት ከሥሩ ሲያፈስ ግን ገበያ እኛን አልላኩም። ራሳቸው ሄደው በመስከረም ያየናቸውን አሮጊት አፈላልገው አገኙ፣ ዋጋም ሳይከራከሩ ገዙ (ይህንን ለሚያውቋቸው ሰዎች ማስረዳት ይከብዳል፤ እናታችን ለአንድ ብር ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ናቸው)። “ማታ ከእኛ ጋር ያፈጥራሉ” አሏቸው። ሴትየዋ “እኔ አልጾምኩም” ቢሉም “የጾምነው እኛ እንበቃለን” ብለው ይዘዋቸው መጡ።

መግሪብ ሲቃረብ አሮጊቷ በሩ አጠገብ፣ ግማሽ ሰውነታቸውን ደጅ አድርገው ተቀመጡ። ወደ ውስጥ ይግቡ ብንላቸው “እዚህ ይሻለኛል፣ ነፋስ አለው” አሉ። እናታችን ተነሥተው ትሪውን አነሡና በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ተምሩ፣ ሳንቡሳው፣ የተቀቀለው ስኳር ድንች እዚያው ሄደ፤ እኛም ተከትለን በደጃፉ ተጨናንቀን ተቀመጥን። አዛን ሲሰማ ውሃና ተምር ቀመስን። ሾርባው ከአዲሱ ድስት ገና አልወጣም ነበር፤ በዚያ ቀን የተጣደው ከጎረቤት የተዋስነው ሌላ የሸክላ ድስት ነው። አሮጊቷ ከሾርባው አንድ ጊዜ ፉት አሉና አንገታቸውን አስግገው ወደ ምድጃው ተመለከቱ።

“ያ ድስት የእኔ አይደለም” አሉ። “የእህቴ ነው። አፉን ሁልጊዜ ታጠበዋለች፤ ስንት ጊዜ ነገርኳት!”