የዓባይን ሸለቆ ከደጀን አፋፍ በዘይት ቀለም ስለ መሣልና ስለ ብሩሽ አመራረጥ

የመልክዓ ምድር ሥዕል ለመማር ለሚፈልግ ሰው ከደጀን አፋፍ የበለጠ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ የሚመለከት፣ የዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ በጎሐ ጽዮን በኩል እንደገና ሲነሣ ያያል። ገደሉ ራሱ የቀለም ትምህርት ነው፤ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቢጫ መሳይ የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙም ሲቀርቡ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል።

ዓይናችን ያደገው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ያም ሥዕል ርቀትን ለማሳየት የተነሣ አይደለም። ስለዚህም ጀማሪው ማዶውን እንደ ቅርቡ አጉልቶ ይቀባል። ነገር ግን በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን የሩቁ ገደል ሰማያዊ መስሎ ይገረጣል፤ ጥላውም ይሳሳል። እንግዲህ ሰማዩንና ማዶውን አስቀድሞ በስሱ፣ የቅርቡን ዐለት በኋላ በወፍራሙ መቀባት ይገባል። ይህ ከቀለሙም ጠባይ ጋራ ይስማማል፤ ከሥር ያለው ቅብ ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው የበዛ ካልሆነ ሥዕሉ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ዘይቱ የተልባ ዘይት ነው፤ የሚጠነክረውም እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ነው። በቤት የተጨመቀ የተልባ ዘይት ግን ሙጫው ካልተጣራ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ሥዕሉንም ቢጫ ያደርገዋል።

ለዘይት ቀለም ከጥንት ጀምሮ የሚመረጠው ብሩሽ የአሳማ ጸጉር ነው፤ ወፍራሙን ቀለም ገፍቶ ለማስኬድ ለስላሳ ጸጉር አቅም ያንሰዋልና። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማን ስለሚጸየፍ፣ በዚህ ምክንያት እጁን የሚሰበስብ ተማሪ ቢኖር አንነቅፈውም፤ ጠንካራ የናይሎን ብሩሽ አለለት።

ሲገዙ ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት የጸጉሩን ጫፍ ማየት ነው። የደኅና አሳማ ጸጉር ጫፉ በተፈጥሮው የተሰነጠቀ ነው፤ ቀለም አቅፎ የሚይዘውም በዚህ ነው። በመቀስ የተስተካከለ ከሆነ ይተዉት። ደግሞም ጸጉሩ ወደ ውስጥ ያጎነበሰ፣ በጣት ሲያጎብጡት የሚመለስ፣ ሲስቡት የማይነቀል፣ ብረቱም በእንጨቱ ላይ የማይወዛወዝ ይሁን። የተጻፈበት ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በዓይን ለክቶ መግዛት ይሻላል።

ለመጀመሪያ ሦስት ይበቃሉ፤ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ አንድ መካከለኛ ጫፉ የከበበ፣ አንድ ትንሽ ድቡልቡል። ትንሹ እስከ ሥራው መጨረሻ ከሣጥኑ ባይወጣ ደስ ይለናል፤ ጀማሪ ቅጠል መቁጠር የሚጀምረው በእርሱ ነውና።

ሥራው ሲያበቃ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ፣ በተርፐንታይን አለቅልቆ፣ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ጫፉንም በጣት አሹሎ ማድረቅ ነው። በተርፐንታይን ጣሳ ውስጥ በጸጉሩ ቆሞ ያደረ ብሩሽ ተጣሞ ይቀራል፤ አይቃናም።