«ጎ» ስለ ምን «ጎድ» አልሆነም? ከደንብ ውጪ የሆኑት የእንግሊዝኛ ግሦች

ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዱርቤቴ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ትናንት ወደ ገበያ ሄድሁ» ለማለት «አይ ጎድ» ብሎ ጻፈ እንበል፡፡ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ዌንት» ብለው ያርሙታል፡፡ ይሁን እንጂ ተማሪው ደንቡን አልሳተም፤ «ዎክ» «ዎክድ» ከሆነ «ጎ»ም «ጎድ» መሆን ነበረበት፡፡ በዚህ የትምህርት ደረጃ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ችግሩ በሰዋስው ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚወሰን አይደለም፡፡ ስለሆነም ኢ-መደበኛ የሚባሉት ግሦች ከየት እንደመጡና እንዴት ቢጠኑ እንደሚቀሉ እንመለከታለን፡፡

ሦስቱ ቅርጾች

መደበኛ ግስ ለኀላፊ ጊዜም ሆነ ፓስት ፓርቲሲፕል ለሚባለው ሦስተኛ ቅርጽ አንድ ዓይነት መድረሻ ይይዛል፡፡ ኢ-መደበኛው ግን «ራይት፣ ሮት፣ ሪትን» እያለ ይለያያል፡፡ የእኛ «ጻፈ» «ሮት» ሲሆን፣ «ጽፏል» «ሀዝ ሪትን»፣ «ተጽፏል» ደግሞ «ሀዝ ቢን ሪትን» ይሆናል፡፡ ሦስተኛው ቅርጽ የዓረፍተ ነገሩ ግስ ሲሆን «ሀቭ» ወይም «ቢ» ይቀድመዋል፡፡ በመሆኑም በቤተ ሙከራ ዘገባ «ውጤቱ ተጻፈ» ለማለት «ዋዝ ሪትን» እንጂ «ዋዝ ሮት» አይባልም፡፡

የድሮ ሥርዓት ቅሪት

«ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» በሚለው ውስጥ ተነባቢዎቹ ሳይነኩ አናባቢው ብቻ ይለዋወጣል፡፡ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ሰብሮ» ስንል ስ-ብ-ር ጸንተው አናባቢዎቹ ይለዋወጣሉና፡፡ እንግሊዝኛም ይህን ስልት የወረሰው ከጥንት የጀርመናውያን ቋንቋዎች ነው፡፡ የ«ዌንት» ታሪክ ግን የተለየ ነው፤ ቀድሞ «ዌንድ» የሚባል የሌላ ግስ ኀላፊ ጊዜ ነበር፤ በኋላ የ«ጎ»ን ተክቶ ቀረ፡፡

ማን ጠፋ? ማን ቀረ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ኤሬዝ ሊበርማን፣ ዣን ባቲስት ሚሼልና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት 177 የጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢ-መደበኛ ግሦችን ተከታትለዋል፡፡ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ከእነዚህ ውስጥ 145ቱ፣ ዛሬ ደግሞ 98ቱ ብቻ ኢ-መደበኛ ሆነው ተገኝተዋል፡፡ ለምሳሌ «ሄልፕ» ቀድሞ በኀላፊ ጊዜ «ሆልፕ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሄልፕድ» ሆኗል፡፡ በስሌታቸው መሠረት፣ አጠቃቀሙ ከሌላው 100 ጊዜ የሚያንስ ግስ ወደ መደበኛነት የሚለወጠው 10 ጊዜ በሚበልጥ ፍጥነት ነው፡፡

ምክንያቱ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ቅርጽ ይረሳል፤ ተናጋሪውም ወደ ደንቡ ይመለሳል፡፡ ዕለት ዕለት የሚሰማው ግን ከአእምሮ አይወጣም፡፡ «ቢ»፣ «ሀቭ»፣ «ዱ»፣ «ጎ» ከደንብ ውጪ ሆነው የቆዩት ስለዚህ ነው፡፡ በእኛም ቋንቋ «ነው» ኀላፊው «ነበር» ነው፤ ትእዛዙም ከ«መጣ» «ምጣ» ሳይሆን «ና» ነው፡፡ ሁለቱም በየቀኑ ከአፋችን የማይለዩ ቃላት ናቸው፡፡

ለተማሪው ምን ይጠቅማል?

ከዚህ በመነሣት ዝርዝሩን በፊደል ተራ መሸምደድ አዋጭ አለመሆኑን እንረዳለን፡፡ በቅድሚያ አዘውትረው የሚነገሩትን መያዝ፣ ቀጥሎም ተመሳሳዮቹን በቤተሰብ መመደብ ይበጃል፤ «ሲንግ» ከ«ድሪንክ»፣ «ብሪንግ» ከ«ቲንክ»፣ የማይለወጠው «ፑት» ከ«ከት» ጋር፡፡ ሦስቱንም ቅርጾች በዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ መጻፍና መናገር ያሻል፤ ግሦቹን ለዘመናት ያቆያቸው ድግግሞሽ በተማሪውም አእምሮ ውስጥ የሚያቆያቸው እርሱ ነውና፡፡ «ጎድ» ብሎ የጻፈውም ተማሪ ደንቡን ማወቁን አስመስክሯል፤ የቀረው ደንቡ የማይደርስባቸውን ለይቶ ማወቅ ብቻ ነው፡፡