ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱ ይዘጋጅ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጋራ ገንዘብ የሚገዟቸው የትራክተር ማረሻ፣ መከስከሻ፣ መዝሪያና ተጎታች ለብዙ ዓመታት ማገልገል የሚገባቸው ንብረቶች ናቸው። ሆኖም ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብተው አንድ ክረምት ሳይሻገሩ ቀለማቸው የሚላጥ መሣሪያዎችን እናያለን። ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው ከቀለሙ ሥር ይገኛል።

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር ሲያገኙት ነው። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በላዩ ያለውን ቀለም እየገፋ ያነሳዋል። በዝገት፣ በቅባት ወይም በማዳበሪያ ላይ የተቀባ ቀለም የያዘው ቆሻሻውን እንጂ ብረቱን አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ማጠብ፦ ጭቃና የማዳበሪያ ትራፊ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በሚገባ ተለቅልቆ ይደርቃል። ማዳበሪያ የጨው ዓይነት በመሆኑ ከቀለም ሥር ከቀረ እርጥበት ስቦ ቀለሙን ያሳብጠዋል። ይህን ጨው የሚያስወግደው ውሃ እንጂ የቀለም ማቅጠኛ አይደለም።

2. ቅባት ማስወገድ፦ ግራሶና ዘይት በቀለም ማቅጠኛ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ይህ ሥራ ከመፈግፈግ በፊት ካልተሠራ ብሩሹ ቅባቱን በብረቱ ላይ ያዳርሰዋል። አዲስ ላሜራም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ዘይት ተቀብቶ ስለሚመጣ መጠረግ አለበት። ናፍጣ ራሱ ቅባት ስለሚተው አይጠቅምም። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይከናወን።

3. ዝገት ማንሳት፦ የተላጠው በመፋቂያ፣ ቀሪው በሽቦ ብሩሽ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። መገጣጠሚያዎችና የብየዳ ቦታዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብረቱ እንደ መስተዋት መለስለስ የለበትም፤ ጥቂት ሻካራነት ቀለሙ እንዲይዝ ይረዳል።

4. መፈተሽ፦ አቧራው ከተጠረገ በኋላ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይረጭበታል። ውሃው እኩል ከተዳረሰ ቅባቱ ለቅቋል፤ እንደ ጤዛ ከተንጠባጠበ ግን ተራ ቁጥር 2 ይደገማል። ውሃው ወዲያው ተጠርጎ ብረቱ በፀሐይ ይድረቅ።

5. መቀባት፦ የጸዳ ብረት በዚያው ዕለት ይቀባል። ካደረ የሌሊቱ እርጥበት አዲስ ዝገት ያመጣበታል። ተስማሚው ወቅት በጋ ነው፤ የጠዋቱ ጤዛ ከደረቀ በኋላ ተጀምሮ የማታው እርጥበት ሳይመጣ ማለቅ ይኖርበታል።

ጥንቃቄ

በቀድሞ ዘመን የተቀባ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ። እየረጠበ ይነሳ፤ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሕፃናትም አይቅረቡ። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ በሽቦ ብሩሽ አይፋቅ፤ ከዝገት የሚጠብቀው ልባጡ ነውና። አፈር የሚቆርጠው የማረሻና የመከስከሻ ስለት ቢቀባም በመጀመሪያው እርሻ ስለሚፋቅ፣ ታጥቦና ደርቆ ግራሶ ተቀብቶ ይቀመጥ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን አሠራር በአንድ መሣሪያ ላይ ለማኅበሩ አባላት በተግባር እንዲያሳዩ እንመክራለን። ማኅበራትም ለቀለም በጀት ሲይዙ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የማጽጃ ጊዜ አብረው ይያዙ። ለማጽዳት የዋለው ጊዜ የቀለሙን ዋጋና የመሣሪያውን ዕድሜ ያድናል።